ከ«ፒያኖ ማን» ባሻገር፦ የቢሊ ጆኤልን አልበሞች ከየት ልጀምር?

ጥያቄ፦ «አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ ሆቴል ማታ ማታ ኪቦርድ እጫወታለሁ። የውጭ እንግዶች የቢሊ ጆኤልን ‹ፒያኖ ማን› ሳይጠይቁኝ የሚያልፍ ሳምንት የለም። የምርጥ ዘፈኖቹን ስብስብ ደጋግሜ ሰምቻለሁ። አልበሞቹን አንድ በአንድ መስማት የተለየ ጥቅም አለው? ካለውስ ከየትኛው ልጀምር? ደግሞ ያን ያህል የተሳካለት ሰው በ1993 አልበም መሥራት ለምን አቆመ?»

መልስ፦ ወንድሜ፣ ጥቅሙ ትልቅ ነው። ቢሊ ጆኤል ሲነሳ ሰው የሚያስበው አንድ ዘፋኝና አንድ ፒያኖ ነው። አልበሞቹን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ስትሰማቸው ግን የምታገኘው የአንድ ባንድ ታሪክ ነው። ባንዱ ከመምጣቱ በፊት ጥሩ ጥሩ ዘፈኖች አሉ። ባንዱ አብሮት ሳለ ሙሉ አልበሞች አሉ፣ ዘፈን ሳትዘል የምትሰማቸው። ባንዱ ሲበታተን ደግሞ ተመልሰን ወደ ጥሩ ጥሩ ዘፈኖች እንሄዳለን። የምርጦች ስብስብ ይህን አያሳይህም፤ ሁሉንም አንድ ላይ ቀላቅሎ ነው የሚሰጥህ።

ዓመታቱን ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር እጽፍልሃለሁ። ቢሊ ጆኤል ከ1971 እስከ 1993 ባሉት 22 ዓመታት 12 የፖፕና የሮክ አልበሞችን በስቱዲዮ ሠርቷል። ሁሉም እኩል ጊዜ አይገባቸውም፤ አንዳንዱን ቶሎ አልፋለሁ።

የተወለደው በ1949 ኒውዮርክ፣ ብሮንክስ ውስጥ ነው። ያደገው ሎንግ አይላንድ፣ ሂክስቪል በምትባል ሠፈር ነው። አባቱ ከናዚዎች ሸሽቶ የወጣ የኑረምበርግ አይሁዳዊ ነበር፤ ክላሲካል ፒያኖም ይጫወት ነበር። ልጁም ከሕፃንነቱ ክላሲካል ተምሯል። ይህን ያዝልኝ፤ ኋላ እመለስበታለሁ። ለብቻው ከመውጣቱ በፊት በተለያዩ ቡድኖች ውስጥ ሠርቷል። የመጨረሻው «አቲላ» የሚባል፣ ኦርጋንና ድራም ብቻ ይዞ ከባድ ሮክ የሚጫወት ጥምረት ነበር። አንድ አልበም አውጥተው በ1970 ተበተኑ። እሱን መፈለግ አያስፈልግህም።

የመጀመሪያው አልበሙ «ኮልድ ስፕሪንግ ሃርበር» በ1971 ወጣ። ዘፈኖቹ ቆንጆ ናቸው። ግን በማስተሪንግ (ቅጂው ለኅትመት በሚዘጋጅበት የመጨረሻ ሥራ) ስህተት ቅጂው ከትክክለኛው ፍጥነት በላይ እየሮጠ ታተመ። ድምፁ ወደ ላይ ተሳበ፤ የሌላ ሰው መሰለ። በ1983 ፍጥነቱ ተስተካክሎ እንደገና ታትሟል፤ ከሰማህ ያንን ስማ። አልበሙ አልተሸጠም። የፈረመው ውልም መጥፎ ነበር። ከዚያ ለመላቀቅ ወደ ሎስ አንጀለስ ሄደና ዊልሻየር ጎዳና ላይ ባለ «ኤግዚኪዩቲቭ ሩም» በሚባል ባር ስሙን ቀይሮ ፒያኖ ተጫወተ። «ፒያኖ ማን» የመጣው ከዚያ ነው። ዘፈኑ ያንተን ሥራ የሚገልጽ የሚመስለው ለዚህ ነው፤ አንተ የምትሠራውን ሥራ በእርግጥ ሠርቶታል።

እሱ ባር ውስጥ ሳለ ፊላደልፊያ ላይ ሌላ ነገር እየሆነ ነበር። በ1972 ለአንድ የራዲዮ ጣቢያ ባቀረበው የቀጥታ ዝግጅት ላይ «ካፕቴን ጃክ» የሚል ረጅም ዘፈን ተጫውቶ ነበር። ጣቢያው ቅጂውን ማጫወት ቀጠለ፤ አድማጩም እየደወለ ይጠይቅ ጀመር። ኮሎምቢያ የሙዚቃ ኩባንያ ይህን ሰማና አስፈረመው።

«ፒያኖ ማን» የተባለው አልበም በ1973 ወጣ። የስሙ ዘፈን በአሜሪካ ሠንጠረዥ 25ኛ ድረስ ነው የወጣው። ዛሬ ያለውን ዝና ያገኘው በዓመታት ውስጥ ነው። ኪቦርድ ለሚጫወት ሰው ትምህርቱ ባሱ ላይ ነው። ከሲ ተነስቶ በቢ፣ በኤ፣ በጂ፣ በኤፍ፣ በኢ እያለ ደረጃ በደረጃ ይወርዳል፤ ኮርዶቹ ከላይ ይለዋወጣሉ። ግራ እጅህ ይህን መውረድ ካላሰማ ዘፈኑ ባዶ ይሆናል። ብዙ ተጫዋች ኮርዱን ብቻ ይዞ ሦስቱን ምት ይመታል፤ ይህን አታድርግ። አልበሙን በሙሉ ስትሰማው ግን አንድ ነገር ይጎድለዋል። አጃቢዎቹ እንደ ጊታሪስቱ ላሪ ካርልተን ያሉ፣ በችሎታቸው የማይታሙ የስቱዲዮ ሰዎች ናቸው። ሥራቸው ንጹሕ ነው። ዘፋኙን ግን አያውቁትም። እሱ ሲገፋ አብረውት አይገፉም።

በ1974 የወጣው «ስትሪትላይፍ ሴሬናድ» ከዚህ የባሰ ነው። መንገድ ላይ ኮንሰርት ሲያቀርብ ስለከረመ ዘፈን የሚጽፍበት ጊዜ አልነበረውም፤ አልበሙም ያሳብቅበታል። ሁለት ነገር ብቻ ውሰድለት። አንዱ «ዘ ኢንተርቴይነር» ነው። በውስጡ ኩባንያዎች ረጅሙን ዘፈኑን ለራዲዮ ሲሉ ወደ 3 ደቂቃ ከ5 ሰከንድ እንዳሳጠሩበት በምሬት ይዘፍናል። ሁለተኛው «ሩት ቢር ራግ» የሚባል ግጥም የሌለው የራግታይም (የቆየ የአሜሪካ የፒያኖ ስልት) ሥራ ነው። ጣቶችህን ለማፍታታት ከዚህ የተሻለ አታገኝም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር መጣን። በ1976 የወጣው «ተርንስታይልስ» የተሠራው ሁለት ጊዜ ነው። መጀመሪያ ኮሎራዶ ውስጥ ካሪቡ ራንች በሚባለው ስቱዲዮ፣ ከኤልተን ጆን ባንድ በመጡ የድራምና የቤዝ ተጫዋቾች ተቀረጸ። ቢሊ ሰማውና አልወደደውም። ሙሉውን ጣለው። ገና ያልተሳካለት፣ ሸክላው የማይሸጥለት ልጅ ያን ያህል ወጪ የወጣበትን ሥራ መጣሉ ቀላል ውሳኔ አይደለም። ወደ ኒውዮርክ ተመለሰና የራሱን የሎንግ አይላንድ ልጆች ሰበሰበ። ድራም ላይ ሊበርቲ ዲቪቶ፣ ቤዝ ላይ ዳግ ስቴግማየር፣ ጊታር ላይ ራስል ጃቨርስ፣ ሳክስፎን ላይ ሪቺ ካናታ። ፕሮዲዩሰሩም ራሱ ሆነ።

ልዩነቱን በአንድ ዘፈን ትሰማዋለህ። «አንግሪ ያንግ ማን» የሚጀምረው ሁለቱ እጆች አንዷን የፒያኖ ቁልፍ እየተፈራረቁ በፍጥነት ሲደበድቧት ነው፤ ፒያኖው ድራም ይሆናል። ከዚያ ሊበርቲ ይገባል። በቀደሙት አልበሞች ላይ እንዲህ ዓይነት ግጥሚያ የለም። «ኒውዮርክ ስቴት ኦፍ ማይንድ»ም እዚህ አለ። ካሊፎርኒያን ጥሎ ወደ ቤቱ የተመለሰ ሰው ዘፈን ነው፤ የካናታ ሳክስፎን ደግሞ ከቃሉ እኩል ይናገራል። «ሰመር፣ ሃይላንድ ፎልስ» በደስታና በሐዘን መካከል ስለሚወዛወዝ ስሜት የተጻፈ ነው፤ በእኔ አስተያየት ከጻፋቸው ሁሉ አንደኛው ነው። የ1985ቱ የምርጦች ስብስብ ውስጥ ግን የለም። «ተርንስታይልስ» በወቅቱ አልተሸጠም። ያም ሆኖ ከዚህ ጀምር የምልህ እሱን ነው።

ቀጥሎ ያለው ታሪክ ባንዱ ምን ያህል ዋጋ እንደነበረው ያሳያል። ለሚቀጥለው አልበም የቢትልስ ፕሮዲዩሰር ጆርጅ ማርቲን ሊሠራለት ቀረበ። ቅድመ ሁኔታው ግን ባንዱን ትቶ በስቱዲዮ ሙዚቀኞች እንዲሠራ ነበር። ቢሊ እምቢ አለ። ቢትልስን እያመለከ ያደገ ሰው ነው እምቢ ያለው። ከዚያ ፊል ራሞን መጣ። ካርኔጊ አዳራሽ ላይ ባንዱን ሲጫወት ሰምቶ ነበር፤ ልጆቹን እንዳሉ ፈለጋቸው።

ውጤቱ በ1977 የወጣው «ዘ ስትሬንጀር» ነው። እዚህ ላይ ረጋ እንበል። በአሜሪካ ብቻ ከ10 ሚሊዮን ቅጂ በላይ ተሸጧል፤ ለእኔ ግን ዋናው ነገር እንዴት እንደተሠራ ነው። ራሞን ልጆቹን በአንድ ክፍል ውስጥ አስቀምጦ አብረው እንዲጫወቱ አደረገ፤ ግለቱ ሳይጠፋ ቀረጸው። የስሙ ዘፈን መግቢያ ላይ የምትሰማው ፉጨት የቢሊ ነው። ዜማውን ለራሞን ለማሳየት ያፏጨውና የትኛው መሣሪያ ይጫወተው ብሎ የጠየቀው ነበር። ራሞን ፉጨቱ ራሱ ይበቃል አለ። «ጀስት ዘ ዌይ ዩ አር»ን ቢሊ ከአልበሙ ሊያወጣው አስቦ ነበር፤ የሠርግ ዘፈን ይሆንብኛል የሚል ስጋት ነበረው። እንዳያወጣው ከመከሩት መካከል ዘፋኞቹ ሊንዳ ሮንስታትና ፊቢ ስኖው ነበሩ። ዘፈኑ በአሜሪካ 3ኛ ደረሰ፤ የዓመቱን ዘፈንና የዓመቱን ቀረጻ የግራሚ ሽልማት ወሰደ። ሳክስፎኑን የተጫወተው የጃዙ ፊል ዉድስ ነው።

«ሲንስ ፍሮም አን ኢታሊያን ሬስቶራንት» ከ7 ደቂቃ በላይ ይረዝማል። ሦስት ያላለቁ ዘፈኖችን ሰፍቶ አንድ ያደረገው ነው። በቀዝቃዛ የምግብ ቤት ወሬ ይጀምራል፤ ድንገት ወደ ሮክ ይገለበጣል፤ ብሬንዳና ኤዲ የተባሉ የሠፈር ጥንዶችን ጋብቻና ፍቺ ይተርካል፤ ከዚያ ወደ ምግብ ቤቱ ጠረጴዛ ይመለሳል። ድራሙን ብቻ ተከትለህ አንድ ጊዜ ስማው። ሊበርቲ በየምዕራፉ ሌላ ሰው ይሆናል።

«ቪየና» ደግሞ አለች። አባቱ ትዳሩ ሲፈርስ ወደ አውሮፓ ተመልሶ ቪየና ይኖር ነበር። ቢሊ ትልቅ ሰው ከሆነ በኋላ ፈልጎ አገኘው። እዚያ አንዲት አሮጊት መንገድ ስትጠርግ አይቶ አዘነላት። አባቱ ግን ሥራ አላት፣ ትጠቅማለች፣ ማንም አልጣላትም ብሎ አስረዳው። ለሚቸኩል ወጣት የተጻፈው ዘፈን ከዚህ ነው የመጣው። በዘመኑ ሠንጠረዥ ላይ ያልወጣ ዘፈን ነው፤ ዛሬ ግን ወጣቶች ከሁሉም በላይ ከሚሰሙለት ዘፈኖች አንዱ ሆኗል። እሱም ከምርጦች ስብስብ ውጪ ነው የቀረው። አልበሞቹን ስማ የምልህ ለዚህ ነው።

በ1978 የወጣው «ፊፍቲ ሰከንድ ስትሪት» በአሜሪካ የመጀመሪያው አንደኛ አልበሙ ሆነ፤ የዓመቱን አልበም ግራሚም ወሰደ። ስሙ የኒውዮርክ የጃዝ ክበቦች መንገድ ነው። «ዛንዚባር» ላይ የጃዙ ፍሬዲ ሃባርድ መለከት ይነፋል፤ ባንዱም ምቱን ወደ ጃዝ ቀይሮ ይከተለዋል። ሌላም ታሪክ አለው፤ ጃፓን ውስጥ በ1982 የሲዲ ገበያ ሲከፈት የመጀመሪያው ለሽያጭ የቀረበው አልበም ይህ ነው። «ኦነስቲ» እዚህ ውስጥ አለ። በእኛ ሀገር ይህን ዘፈን የማያውቅ የሆቴል ተጫዋች ያለ አይመስለኝም።

«ግላስ ሀውዝስ» በ1980 መጣ። የሚጀምረው በሚሰበር የመስታወት ድምፅ ነው። ለስላሳ ዘፈን ብቻ ነው የሚችለው ለሚሉት የሰጠው መልስ ነበር። ጊታሩ ከፒያኖው ፊት ወጣ። «ኢትስ ስቲል ሮክ ኤንድ ሮል ቱ ሚ» የመጀመሪያው አንደኛ የወጣ ነጠላ ዜማው ሆነ። ቶሎ የሚሰማ፣ ቶሎ የሚያልቅ፣ ጥሩ አልበም ነው።

ከዚያ በ1981 የኮንሰርት አልበሙ «ሶንግስ ኢን ዘ አቲክ» ወጣ። ከ12ቱ ውስጥ አይቆጠርም። እኔ ግን ለተማሪዎቼ ሁሉ አስሰማዋለሁ። ቢሊ የቆዩትን፣ ከ«ዘ ስትሬንጀር» በፊት የነበሩትን ዘፈኖች ወሰደና በ1980 ጉዞው ላይ ከባንዱ ጋር ተጫወታቸው። ያንኑ «ካፕቴን ጃክ» ከ1973ቱ ቅጂ ጋር አስተያየው። ግጥሙ ያው ነው፣ ዜማውም ያው። አዝማቹ ሲመጣ ግን አሁን አራት አምስት ሰው አብሮት ይነሳል። ባንዱ ምን ጨመረ ለሚል ጥያቄ ከዚህ የተሻለ መልስ የለኝም።

«ዘ ናይለን ከርተን» የወጣው በ1982 ነው። በዚያው ዓመት በሞተርሳይክል አደጋ እጁ ክፉኛ ተጎድቶ ነበር። አልበሙን ከሁሉም በላይ የደከመበት ነው ይላል፤ ይታመናል። ከጦርነት በኋላ የተወለደው ትውልድ የተገባለት ቃል ሲፈርስ ያሳያል። «አለንታውን» ስለ ፔንሲልቬንያ የብረት ፋብሪካዎች መዘጋት ነው። ዘፈኑ በፋብሪካ ፊሽካ ይጀምራል፤ የማሽኑ ምት የዘፈኑ ምት ይሆናል። «ጉድናይት ሳይጎን» የቬትናም ወታደሮች ዘፈን ነው። በሌሊት ነፍሳት ድምፅና በሄሊኮፕተር ይከፈታል። ቢሊ ራሱ አልዘመተም፤ የዘመቱ ጓደኞቹ የነገሩትን ነው የጻፈው። ለዚህ ነው ዘፈኑ ውስጥ «እኔ» ሳይሆን «እኛ» የሚለው፤ ማን ትክክል ነበር የሚለውንም አይዳኝም። ጦርነት የቀረበው አድማጭ በልዩ ጆሮ የሚሰማው ይመስለኛል። ሦስት አልበም ብቻ ምረጥ ብትለኝ ይህ ከ«ተርንስታይልስ»ና ከ«ዘ ስትሬንጀር» ጋር ይገባል።

ከዚህ በኋላ ፍጥነት እንጨምር። «አን ኢኖሰንት ማን» (1983) የልጅነቱን የ1950ዎቹና የ60ዎቹ ሙዚቃ ያከበረበት ነው፤ እያንዳንዱ ዘፈን የአንድ ዘመን ስልት ይዞ ይመጣል። «አፕታውን ገርል»ን ታውቀዋለህ። «ዘ ሎንገስት ታይም» ላይ የምትሰማቸው የወንድ ድምፆች ሁሉ የራሱ ናቸው፤ ደራርቦ ቀረጻቸው። «ዚስ ናይት» ደግሞ አዝማቹን ከቤትሆቨን «ፓቴቲክ» ሶናታ ሁለተኛ ክፍል ነው የወሰደው፤ ሸክላው ላይም ቤትሆቨን ተጠቅሷል። ደስ የሚል አልበም ነው።

በጥር 1985 ለኢትዮጵያ ረሃብ ተጎጂዎች በተቀረጸው «ዊ አር ዘ ወርልድ» ላይ በነጠላ ድምፅ ከዘፈኑት አንዱ እሱ ነው። ቲና ተርነር ከዘፈነች ወዲያው የሚገባው የእሱ ድምፅ ነው። በዚያው ዓመት አንተ የሰማኸው ዓይነት የምርጦች ስብስብ ወጣና በአሜሪካ ታሪክ እጅግ ከተሸጡት አልበሞች አንዱ ሆነ።

«ዘ ብሪጅ» (1986) ደካማ ነው። አንድ ዘፈን ብቻ ከሬይ ቻርልስ ጋር የተጫወተውን «ቤቢ ግራንድ» ስማ፤ ሁለት ፒያኒስቶች ስለ ፒያኖ የሚዘፍኑበት ነው። ከራሞን ጋር የሠራው የመጨረሻ አልበሙም ይኸው ነው።

በ1987 ሶቪየት ኅብረት ሄዶ ከባንዱ ጋር ተጫወተ። ያ የመጨረሻው ትልቅ አብሮነት ነበር ማለት ይቻላል። ለ«ስቶርም ፍሮንት» (1989) ፎሪነር የተባለውን የሮክ ባንድ ጊታሪስት ሚክ ጆንስን አብሮት ፕሮዲዩስ እንዲያደርግ ሲያመጣ፣ ቤዙ ስቴግማየርና ጊታሩ ጃቨርስ አልተጠሩም። አልበሙ አንደኛ ወጣ፤ የ40 ዓመት የዜና ርዕሶችን የሚደረድረው «ዊ ዲድንት ስታርት ዘ ፋየር»ም አንደኛ ወጣ። ድምፁ ግን ትልቅና ቀዝቃዛ ሆነ። ሁለት ዘፈኖች ያድኑታል። «ዳውንኢስተር አሌክሳ» የሎንግ አይላንድ ዓሣ አጥማጆች ኑሮ ሲከብዳቸው ያሳያል። «ኤንድ ሶ ኢት ጎዝ» ደግሞ በፒያኖ የተሠራ የቤተክርስቲያን መዝሙር የመሰለ ነው፤ ጎን ለጎን ያሉ ኖታዎች እየተጋጩ ሕመሙን ይነግሩሃል። የጻፈው ቀደም ብሎ በ1983 ነው።

«ሪቨር ኦፍ ድሪምስ» (1993) ላይ አብዛኛውን ድራም ሌላ ሰው መታው። ሊበርቲ ጥቂት ብቻ ነው ያለበት። አልበሙ አንደኛ ወጣ፤ ለልጁ የጻፈው እሹሩሩም ያምራል። የመጨረሻው ዘፈን «ፌመስ ላስት ወርድስ» ይባላል፤ ከዚህ በኋላ የምለው የለኝም ብሎ ይሰናበታል። አድማጩ የአባባል ጉዳይ መሰለው። እሱ ግን የምሩን ነበር።

ለምን አቆመ? ራሱ በቃለ መጠይቆቹ ደጋግሞ የሚሰጠው ምክንያት አለ። መጻፍ ያሠቃየው ነበር፤ የሦስትና የአራት ደቂቃ ዘፈን ቅርጽም ጠበበው። ወደ ልጅነቱ ክላሲካል ተመለሰ። በ2001 «ፋንታሲስ ኤንድ ዴሉዥንስ» የሚል ግጥም የሌለው የፒያኖ አልበም አወጣ፤ የሚጫወተውም እሱ ሳይሆን ፒያኒስቱ ህዩንግ ኪ ጁ ነው። ይህ ሁሉ እውነት ነው። እኔ አንድ ነገር እጨምርበታለሁ። አልበም ለመሥራት አብሮት የሚፋለም ሰው ያስፈልገው ነበር፤ በ1993 ስቱዲዮ ውስጥ እነዚያ ሰዎች አልነበሩም። ስቴግማየር በ1995 ሞተ። ሊበርቲ በ2009 ስለ ክፍያ ከሰሰው፤ በ2010 ከፍርድ ቤት ውጪ ተስማሙ፤ ከዓመታት በኋላም ታረቁ። ቢሊ መድረክ አልተወም፤ በማዲሰን ስኩዌር ጋርደን ከ2014 እስከ 2024 በየወሩ እየቀረበ አዳራሹን ይሞላ ነበር። በ2024 «ተርን ዘ ላይትስ ባክ ኦን» የሚል አንድ አዲስ ዘፈን አወጣ። በ2025 በአንጎል ሕመም ምክንያት ኮንሰርቶቹን ሰርዟል።

እንግዲህ እንዲህ አድርግ። መጀመሪያ «ተርንስታይልስ»ን፣ ቀጥሎ «ዘ ስትሬንጀር»ን፣ ከዚያ «ዘ ናይለን ከርተን»ን ሙሉ ለሙሉ ስማ። በአራተኛ «ሶንግስ ኢን ዘ አቲክ»ን፤ እሱን ከሰማህ «ፒያኖ ማን»ንና «ስትሪትላይፍ ሴሬናድ»ን ለብቻ መስማት ብዙም ግድ አይልህም። «ፊፍቲ ሰከንድ ስትሪት»፣ «ግላስ ሀውዝስ»ና «አን ኢኖሰንት ማን» ይከተሉ። ከቀሩት የጠቀስኩልህን ዘፈኖች ብቻ ልቀም። ለእጅህ ደግሞ ከ«ሰመር፣ ሃይላንድ ፎልስ» ጀምር፤ ግራና ቀኝ እጅ የተለያየ ሥራ እየሠሩ መስማማትን ያስተምርሃል። «አንግሪ ያንግ ማን»ን መጀመሪያ በግማሽ ፍጥነት ተለማመደው፤ የእጅ አንጓህን ሳታላላ ከሞከርከው ያሳምምሃል።